የደቻቱ ግንብና የሳዑዲ አጥር

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር ግንብ ተሠራ። ከከዚራ ወደ መጋላ ስሻገር ግንቡን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ ጎርፍ በግንብ ከተገታ፣ ስደትስ በአጥር ይገታል?

ጥያቄው ለድሬዳዋ ሩቅ አይደለም። ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከወሎ የሚመጡ ልጆች በእኛ በኩል አልፈው ጅቡቲ ይገባሉ፤ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር። አንድ ማለዳ በደወሌ መንገድ ያየኋቸው ስድስት ልጆች በመካከላቸው የያዙት ሁለት ሃይላንድ ውሃና አንድ ፌስታል ነበር። ትልቁ ገና ጢም አላወጣም።

ለአጥር የሚከራከር ሰው ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ ልሸሽገው አልፈልግም። በሲና በኩል ወደ እስራኤል የገቡት ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ2012 ከ10 ሺህ በላይ ነበሩ፤ የእስራኤል የድንበር አጥር ባለቀበት በ2013 መቶ እንኳ አልሞሉም። እርግጥ በዚያው ሰሞን በዚያ የገባውን ለዓመታት የሚያስር ሕግም ወጥቶ ነበርና የአጥሩንና የሕጉን ድርሻ መለየት ያስቸግራል። ኤርትራዊው ወጣትም ከአገሩ መውጣቱን አልተወም፤ ወደ ሊቢያና ወደ ሜዲትራኒያን ዞረ። ስለዚህ አጥሩ ደጁን ለዘጋው ሠርቷል፤ ስደቱን ግን አልቀነሰም።

ሳዑዲ ከአጥርም አልፋለች። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ድንበር ጠባቂዎቿ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል፤ ሳዑዲ አስተባብላለች። በዚያው እ.ኤ.አ. 2023 ግን የመን የደረሱት ስደተኞች ከ90 ሺህ በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን።

ለምን አልቀሩም? ውሃ ደላላ የለውም፤ ሰው ግን አለው። አጥሩ በረዘመ ቁጥር ደላላው ዋጋውን ይጨምራል፤ አባት ደግሞ ሌላ በሬ ይሸጣል። ጥይቱ ከመንደር አይታይም። የሚታየው ጎረቤት በሳዑዲ ገንዘብ የሠራው ቆርቆሮ ቤት ነው።

ደቻቱም ቢሆን የሚሞላው ከላይ ከደጋው በሚወርደው ውሃ ነው፤ ስደትንም ከመነሻው ማየት ይሻላል። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወደ ሳዑዲ በሕጋዊ መንገድ የሚልካቸው በአመዛኙ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ሴቶች ናቸው፤ በደወሌ መንገድ የሚጓዙት ግን አብዛኞቹ ወንዶች። ለእነዚህ ወጣቶችም ሕጋዊው በር ይከፈትላቸው።