የተመራጭ ዕዳ፦ ውክልናና ብሔረሰብ በጋምቤላ

አንድ ሰው ለብዙ ሺህ ሰዎች ቆሞ በስማቸው የሚናገረውና በስማቸው የሚወስነው በምን ሥልጣን ነው የሚለው ጥያቄ የፖለቲካ ፈላስፎችን ሲያከራክር የኖረ ቢሆንም፣ በጋምቤላ ሕዝቦች ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ግን ጥያቄው በየአምስት ዓመቱ ከምርጫ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ይነሣል። የምርጫ ክልል ማለት ነዋሪዎቹ በጋራ ተወካይ የሚመርጡበት፣ ወሰኑ በሕግ የተለየ አካባቢ ነው፤ ጋምቤላ በዚህ አሠራር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 3 አባላትን ትልካለች፣ ለራሷ ክልል ምክር ቤት ደግሞ ከ150 በላይ አባላትን ትመርጣለች። በሕጉ ዐይን መራጩ በአንድ አካባቢ የሚኖር ዜጋ ነው፤ በክልሉ ፖለቲካ ዐይን ግን መራጩ አስቀድሞ ኑዌር፣ አኙዋ፣ መዠንግር፣ ኦፖ ወይም ኮሞ ነው፣ ካልሆነም በአካባቢው አነጋገር ደገኛ የሚባለው ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የመጣ ሰው ነው። ተመራጩ ዕዳ ያለበት በወሰኑ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ሁሉ ነው ወይስ ለብሔረሰቡ ብቻ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁለቱንም መልሶች ጎን ለጎን ይዟል። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው መሆኑን ሲደነግግ፣ አንቀጽ 39 ደግሞ ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ራሱን የማስተዳደርና በክልልም ሆነ በፌዴራል መንግሥት ሚዛናዊ ውክልና የማግኘት መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 61 በበኩሉ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔረሰብ፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ጥቂት ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ተወካይ እንዲኖረው ያዛል። የመጀመሪያው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1774 ኤድመንድ በርክ ለብሪስቶል ከተማ መራጮች ካስረዳው አቋም ጋር ይቀራረባል፤ በርክ እንደሚለው ተመራጭ የመራጮቹ መልእክተኛ ሳይሆን ፍርዱንና ኅሊናውን ለመላው አገር የሚያውል ሰው ነው። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ሃና ፒትኪን እ.ኤ.አ. በ1967 በውክልና ላይ ባሳተመችው መጽሐፍ ከለየቻቸው የውክልና ዓይነቶች መካከል ተወካዩ የሚወክላቸውን ሰዎች መልክ እንዲይዝ፣ ማለትም በትውልድ፣ በቋንቋና በኑሮ እነርሱን እንዲመስል የሚጠይቀው ነው።

ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ በቀላሉ ማጣጣል ፍትሐዊ አይሆንም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096 የነበረ ሲሆን፣ ኑዌሮች 47 በመቶ ያህል፣ አኙዋዎች 21 በመቶ ያህል፣ መዠንግሮች 4 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ኦፖና ኮሞ ከዚህም እጅግ ያነሱ ናቸው። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ በሚያሸንፍበት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት፣ የብሔረሰብ ዞኖችና እንደ ኢታንግ ያለ ልዩ ወረዳ ባይኖሩ ኖሮ፣ ጥቂቶቹ ሕዝቦች በገዛ ምድራቸው ድምፃቸው ሳይሰማ ይኖሩ ነበር። የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ከአኙዋ ሲሆን ምክትሉ ከኑዌር፣ አለዚያም በተገላቢጦሽ፣ ሥልጣኑ የሚደለደልበት ልማድም የመነጨው ከዚሁ ሥጋት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ለመሰማት የተሰጠው ዋስትና ወደ ባለቤትነት ሲለወጥ ነው፤ መቀመጫው የብሔረሰቡ ርስት ተደርጎ ሲታሰብ የሕዝብ ቆጠራው ራሱ የፉክክር ሜዳ ይሆናል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የተቆጠረ ራስ የበጀት፣ የሹመትና የመሬት ጥያቄ ሆኖ ይታያልና።

የፉክክሩን ጥልቀት ለመረዳት ሁለቱ ትልልቅ ብሔረሰቦች ስለ ማንነት ያላቸውን የተለያየ እምነት ማየት ያስፈልጋል። ደረጀ ፈይሳ ስለ አኙዋና ኑዌር ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት እንዳብራራው፣ ለአኙዋ ማንነት ከዘር ሐረግና ከተወሰነ ምድር ጋር የተቆራኘ በመሆኑ አኙዋ መሆን የሚቻለው በመወለድ ነው፤ ለኑዌር ግን ማንነት የሚሰፋ ነገር ነው፣ የውጭው ሰው በጋብቻ፣ በጉዲፈቻና በከብት ዝምድና ገብቶ ኑዌር ሊሆን ይችላል። ከዚህ የተነሣ አኙዋው የሥልጣን ጥያቄውን በቀደምት ባለምድርነት ላይ ሲመሠርት፣ ኑዌሩ በሕዝብ ብዛት ላይ ይመሠርታል። ሁለቱም ፍትሕን ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን አንዱ ፍትሕን የሚለካው ባለፈው ጊዜ ሲሆን ሌላው የሚለካው አሁን ባለው ሰው ቁጥር ስለሆነ፣ የምርጫ ኮሮጆ ብቻውን ሊያስማማቸው አይችልም። የኑዌር ሕዝብ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖር መሆኑ፣ በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህም በክልሉ የተጠለሉት ስደተኞች ከ300,000 በላይ መድረሳቸው ጥርጣሬውን አባብሶታል። ስደተኛ እንደማይመርጥ ሕጉ ግልጽ ነው፤ በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጭ ለመሆን ኢትዮጵያዊ ዜግነት፣ 18 ዓመት ዕድሜና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ የ6 ወር ነዋሪነት ያስፈልጋል። ሆኖም ሕጉ የሚጠይቀውን ዜግነት ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በጥርጣሬ ሲመረምረው፣ ለዘመናት በባሮና በአኮቦ ወንዞች ዳር የኖረ ኢትዮጵያዊ ኑዌር እንደ እንግዳ ይታያል፤ ይህ በደል ነው።

ሌላው በደል በክልሉ ቋንቋዎች ሳይቀር ተግባብተው እየኖሩ በየትኛውም ድልድል ውስጥ ስማቸው የማይጠራ ሰዎችን ይመለከታል። በ1977 ዓ.ም. በነበረው የሠፈራ ዘመቻ ወደ ክልሉ አቦቦ ወረዳ ከመጡት ቤተሰቦች የተወለደ፣ እዚያው ያደገ፣ እዚያው ግብር የሚከፍል ገበሬ በምርጫ ቀን ይሰለፋል፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱንም በኮሮጆው ይከታል፣ ከዚያ በኋላ ግን የእርሱ ጉዳይ የማን ጉዳይ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ተመሳሳይ ጥያቄ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተነሥቶ፣ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከዕጩነት የታገዱ ነዋሪዎች ያቀረቡትን አቤቱታ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. ሲወስን፣ ከዕጩው የሚጠበቀው የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ መሆኑን አመልክቷል። የጋምቤላም የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ የውሳኔው መንፈስ እዚህም ይሠራል፤ ይሁንና በሩ በሕግ መከፈቱና ሰው በእርግጥ በበሩ መግባቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መፍትሔው ከበርክ ወይም ከፒትኪን መዋስ የለበትም፤ የክልሉ ሕዝቦች ነባር ሥርዓት ራሱ የበለጸገ ትምህርት አለው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ አኙዋ የፖለቲካ ሥርዓት ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው፣ የአኙዋ መንደር አለቃ፣ ማለትም ኳሮ፣ ከአለቃ ዘር ቢወለድም ሹመቱ የሚጸናው ለመንደሩ እጁ እስከተዘረጋ ድረስ ብቻ ነበር፤ ቸርነቱ ከነጠፈ ነዋሪዎቹ አጌም በሚባል የመንደር ዐመፅ ያወርዱትና ከዘመዶቹ መካከል ሌላውን በቦታው ያስቀምጡ ነበር። ይህ ሥርዓት ዘርን እያከበረ ዘርን ብቻውን በቂ አላደረገም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ሲደነግግ፣ ለአኙዋ ሽማግሌ የማያውቀውን ነገር አልነገረውም።

የኑዌሩ ልማድ ደግሞ ከዚህም ይልቅ ይጠልቃል። ኑዌር በጥንቱ ሥርዓት ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ አልነበረውም፤ ኳር ሙኦን የሚባለው፣ የነብር ቆዳ የሚለብሰው የምድር ካህን፣ የሚያዘው ሠራዊትም ሆነ የሚያስርበት ወህኒ አልነበረውም። ሰው የገደለ ሰው ወደዚህ ካህን ቤት ይሸሻል፤ ካህኑ በዓሣ ጦር ክንዱን በጥቶ ደሙን እስኪያፈስስለት ድረስ ገዳዩ እህል ውኃ አይቀምስም፤ ከዚያ በኋላ የሟች ወገን ከዚያ ደጃፍ አልፎ ሊበቀለው አይችልም፣ ካህኑም በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሰ የደም ካሳውን ከብት ያስማማል። የዚህ ሰው ሥልጣን የመጣው ከየትኛውም ወገን ብልጫ አልነበረም፤ የሟችም የገዳይም ወገን በአንድ ምድር ላይ አብረው መኖር ስላለባቸው፣ ምድሪቱን የሚያገለግል ሰው የሁለቱም ባለዕዳ ነበር። ስለ ውክልና ከተጻፉት ብዙ ነገሮች ይልቅ ይህ ልማድ ለጋምቤላ ይቀርባል፤ ተመራጭ ሥልጣኑን ከወገኑ ቢያገኝም የሚወስነው ውሳኔ የሚደርሰው ለወገኑ ብቻ ስላልሆነ፣ ዕዳውም ውሳኔው እስከሚደርስበት ሰው ሁሉ ይደርሳል።

በጋምቤላ ከተማ በርካታ አኙዋዎች የተገደሉበት ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ተጠሪነት ሲጎድል ምን እንደሚከተል ያሳያል፤ ያን ቀን አኙዋው ነዋሪ የሚሸሽበት የጎረቤቱ ብሔረሰብ ተመራጭ ደጃፍ አልነበረውም። ስለዚህ ለጥቂት ሕዝቦች የተጠበቀው መቀመጫ ተጠብቆ፣ መቀመጫውን የያዘ ሰው ግን በየዓመቱ በመረጠው ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ባልመረጠውም ቀበሌ፣ በአኙዋው መንደርም በኑዌሩ ሠፈርም በደገኛው መንደርም፣ ቆሞ የሚጠየቅበትን ግዴታ የክልሉ ምክር ቤት በሕግ ሊደነግግ ይገባዋል።