ሰበር የማያቃናው ዝምታ

 

ዛሬ አንድ ጥያቄ እናንሳ። አንድ ዳኛ ፈርዶ ሲያበቃ ሌላ ዳኛ ያንን ፍርድ የሚመረምረው ለምንድን ነው? የመጀመሪያውን ስለማናምነው ነው?

አይደለም። በሱረቱል አንቢያእ የተወሳውን የእርሻ ጉዳይ አስታውሱ። የሰው በጎች በሌሊት ገብተው ሰብል አበላሹ፤ ዳውድም ሱለይማንም (ዐ.ሰ) ፍርድ ሰጡበት። ትክክለኛውን ያሳወቀው አላህ ለሱለይማን ነበር፤ ሆኖም ለሁለቱም ጥበብና ዕውቀት እንደሰጣቸው ነግሮናል። ፍርዱ ታረመ፣ ፈራጁ ግን አልተዋረደም።

በአገራችን ሕግም ይህ በር ክፍት ነው። እንበልና መቻራ ከተማ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የምትሠራ እህታችን ማርገዟ ሲታወቅ ተሰናበተች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 እርግዝና፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ ዘርና የፖለቲካ አመለካከት የስንብት ምክንያት እንዳይሆኑ ይከለክላል። ወደ ሥራዋ መመለስ ከፈለገች በ3 ወር ውስጥ ትከሳለች። በፍርዱ ቅር ከተሰኘች በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ትላለች። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለበት ደግሞ ጉዳዩ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ነገር ግን በላይ ያለው ዳኛ የሚያየው ምንድን ነው? ሰበር ምስክር አይሰማም፤ የሚመረምረው ሕጉ በትክክል መተርጎሙን ነው። ይግባኝ ሰሚውም ቢሆን በዋናነት የሚያየው በመዝገቡ የሰፈረውን ነው፤ አዲስ ማስረጃ የሚቀበለው በጠባብ ምክንያት ነው። በሌላ አገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በካናዳ እንዲህ ያለውን መድልዎ የሚዳኙ ልዩ የሰብዓዊ መብት ጉባኤዎች አሉ። ፍርድ ቤቶች የጉባኤዎቹን ውሳኔ ሲመረምሩ በአብዛኛው ጉዳዩን እንደ አዲስ አይሰሙም፤ ውሳኔው ምክንያታዊ መሆኑን ነው የሚጠይቁት።

አሁን ወደ እህታችን እንመለስ። አሠሪው «እርጉዝ አታስፈልገኝም» ሲል የሰማው አንድ የሥራ ባልደረባዋ ብቻ ነው እንበል። ችሎት ላይ አሠሪው «ሥራ ስለቀነሰ ነው» አለ። ባልደረባዋ «አልሰማሁም» ካለ ወይም ጭራሽ ካልቀረበ፣ መዝገቡ ላይ የሚቀረው «ሥራ ቀንሷል» የሚለው ቃል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዳኛ የቱንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን ያልተጻፈውን ሊያነብ አይችልም። የሕግ ስሕተት በሰበር ይቃናል፤ የምስክር ዝምታ ግን አይቃናም።

«ልጆች አሉኝ፤ እንጀራዬ ቢቋረጥስ?» የሚል አይጠፋም። ፍርሃቱ እውነት ነው። በትንሽ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል፤ አሠሪው አጎት ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ግን ሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 135 በፍትሕ መቆምንና መመስከርን ሲያዘን በራሳችን፣ በወላጅና በቅርብ ዘመድ ላይ እንኳ ቢሆን ነው ያለው። ሀብታም ድኻም ሳይል። ምስክርነት ባይከብድ ኖሮ ይህን ያህል አጥብቆ ባላዘዘን ነበር።

ስለዚህ «ተዪው፣ በይግባኝ ይታያል» ብለን የተበደለችን እህት አናጽናና፤ እኛ የደበቅነውን ይግባኝ ከየት ያመጣዋል? የሰማነውን ቃል፣ ቀኑንና ማን እንደነበረ እንጻፍ። የስንብት ደብዳቤዋን እንድታስቀምጥ እንምከራት። 3 ወሩ በሽምግልና ቀጠሮ እንዳያልፍባት እናስታውሳት። ስንጠራም እንቅረብ።

አላህ ሐቅን ከሚመሰክሩት ያድርገን፤ የተበደሉትንም ሐቃቸውን ያስመልስላቸው። አሚን።