ፊሽካ የያዘች ሠራተኛ ለማን ትዘን?

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በተመረቀው አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሱፐርቫይዘሩ ያዛል፣ ልብስ ሰፊዋ ትታዘዛለች። እግር ኳስ ሜዳ ላይ ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በበጋ ወራት እንደሚያካሂዳቸው ባሉ የሠራተኞች ውድድሮች ላይ ፊሽካው እሷ እጅ ከገባ፣ ለአለቃዋ ቢጫ ካርድ ልታሳየው ትችላለች። የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እዚያም ጌታ በሎሌው ዱላ ቢመታ አይቆጣም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ እንደ እሷ ላቡን ለሚያፈሰው ወገኗ ብታዳላ ምን አለበት? አለቃው ሳምንቱን ሙሉ ሲያዝ ከርሟል፤ አንዲት ፍጹም ቅጣት ምት ብትቀርበት ምን ይጎድልበታል? ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥15 ግን ፈራጅ ለባለጠጋው ብቻ ሳይሆን ለድሃውም እንዳያዳላ ያዛል። ሁለተኛው ትእዛዝ ይበልጥ ይከብዳል፤ ለድሃ ማዳላት ምሕረት ይመስላልና። ስለ ሠራተኛው መሟገት ቦታው የሠራተኛ ማኅበሩ ነው፣ የደመወዝ ድርድሩ ነው። ፊሽካ ካሳ መክፈያ አይደለም።

ቅን ልብ ብቻውን ግን አይበቃም።

ያላየ ዳኛ ሳያስበው ይበድላል። ስለዚህ 17ቱን የጨዋታ ሕጎች ማወቅ፣ ከዚያም ዓይንንና እግርን ማሠልጠን ያስፈልጋል። የመሐል ዳኛ ሜዳውን በሰያፍ እየሮጠ ኳሷን በራሱና በረዳቱ መካከል ያደርጋል። ፋውል ሲያይ ወዲያው አይነፋም፤ የተበደለው ቡድን ኳሷን ይዞ ወደ ግብ የሚሄድ ከሆነ አንድ ሁለት ሰከንድ ይታገሣል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሰው ይሳሳታል። በጥር 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ፣ በቡርኪና ፋሶና በሴኔጋል የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያዊው ዳኛ በአምላክ ተሰማ ለሴኔጋል የሰጣቸውን ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ቪዲዮ ከታየ በኋላ ሽሯል። ይህ ውርደት አይደለም፤ ከክብሩ ይልቅ እውነቱን ማስቀደም ነው። የፋብሪካ ሜዳ የቪዲዮ ረዳት ዳኛ (ቫር) የለውም። ሕጉ ግን ጨዋታው እንደገና ሳይጀመር ስህተቱን ያወቀ ዳኛ ውሳኔውን እንዲያርም ይፈቅድለታል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ድፍረት ብቻ ነው።

ሊዲያ ታፈሰ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት፤ በዳኝነቷ ግን በ2007 ካናዳ፣ በ2011 ፈረንሳይ ለተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ተመርጣለች። የልብስ ስፌት ሠራተኛዋስ ምን ያንሳታል? የውድድር አዘጋጆች ለማልያና ለዋንጫ ከሚያወጡት ላይ ቀንሰው ለሠራተኞች የዳኝነት ኮርስ ይክፈቱ።