የሃይላንድ መኪና

እኛ አገር የሠራ ሰው ይከበራል፤ የሚሞክር ሰው ግን ይሳቅበታል። ችግሩ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው ነው። ከተሳካለት «ድሮም ያስታውቅ ነበር» እንለዋለን። ካልተሳካለትም «ድሮም ያስታውቅ ነበር» እንለዋለን። የሠራ ይከበራል ማለቴ ራሱ ትንሽ ማጋነን አለበት። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ቆዳ ፋቂውን ፋቂ እያልን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ወደው አይደለም።

ይህን ሁሉ ያናገረኝ ፒያሳ ነው። የአዲስ አበባው እንዳይመስላችሁ፣ የደሴው ነው። ስሙን ጣሊያን ጥሎልን የሄደው፤ ጎሚስታውንም፣ ኩሽኔታውንም፣ ፍሬኑንም አብሮ ጥሎልን ሄዷል። (አንድ ቀን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስብበት ደስ ይለኛል፤ የሚሽከረከር ነገር ስም ሁሉ ከወራሪ የተወረሰበት ምክንያት ምን ይሆን?) ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ሦስት ልጆች መኪና ይሠራሉ። የሽቦ መኪና አይደለም። የእነርሱ በውሃ ነው የምትሄደው። ነዳጅ የለ፣ ባትሪ የለ፣ ከኋላ የሚገፋ የለ።

አሠራሯ እንዲህ ነው። አንድ ባዶ የለስላሳ ፕላስቲክ፣ ያው እኛ ውሃም ይያዝ ለስላሳ ጠቅልለን «ሃይላንድ» የምንለው፣ ቀጠን ባለች ጣውላ ላይ ተጋድሞ በላስቲክ ይታሰራል። አፉ ወደ ኋላ ይዞራል። ጎማዎቹ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጡ ናቸው፤ መጀመሪያ ኩሽኔታ አድርገውላት ነበር፣ ከበዳትና ተዉት። ጠርሙሱ ሲሶው ውሃ ይሞላል። አፉ ከጎሚስታ ተለምኖ የመጣ የጎማ አየር ማስገቢያ በተሰካበት ቡሽ ይወተፋል። ከዚያ በብስክሌት ፓምፕ መንፋት ነው። አየሩ ይታመቃል፣ ይታመቃል፣ ቡሹ አልችልም ብሎ ይፈናጠራል። ውሃው ወደ ኋላ ይወረወራል፣ መኪናዋ ወደ ፊት።

«ውሃው ለምን አስፈለገ? አየሩ ብቻውን አይገፋትም?» ብዬ ትልቁን ልጅ ጠየቅኩት።

«አየር ቀላል ነው ጋሼ። ወርውሮ የሚጥለው ክብደት ያስፈልገዋል» አለኝ።

ኒውተን ከዚህ ብዙም አላስረዘመውም። ወንድሙ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይማራል፤ ስሌቱን እርሱ ሠርቶላቸዋል። የጠርሙሱ አፍ ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፓምፑ 3 ባር ካስገባ፣ ውሃው መውጣት በጀመረበት ቅጽበት መኪናዋን የሚገፋት ጉልበት ከ20 ኪሎ ክብደት ይበልጣል። የሚቆየው ግን የሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ በዚያች ቅጽበት ልቅም ብሎ ያልቃል። የቀረው መንገድ የተወረወረ ድንጋይ መንገድ ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ደብተራቸው ነው። እያንዳንዱን ሙከራ ይጽፋሉ። ውሃው በብርጭቆ ስንት፣ ፓምፑ ስንት ጊዜ፣ የሄደችው በእርምጃ ስንት። አልሄድ ስትል ዜሮ አይጽፉም፤ «እምቢ አለች» ብለው ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ገጽ ከላይ እስከ ታች እምቢ አለች ነው። ምክንያቱን ያገኙት በዘጠነኛው ላይ ነው። የተጋደመ ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ሆዱ ላይ ይተኛና አየሩ በላዩ አልፎ ያመልጣል። የጠርሙሱን ቂጥ በቁራጭ እንጨት ከፍ ሲያደርጉት ውሃው አፉ ላይ ተጠራቀመ፤ መኪናዋም 26 እርምጃ ሄደች። ውሃ ሲበዛ የአየሩ ቦታ ጠቦ ጉልበት ያንሳታል፣ ሲያንስ የምትወረውረው ታጣለች፤ ሲሶ የሚለውን ቁጥር ማንም አልነገራቸውም።

ወደ ቁምነገሩ ልግባ። አንድ ቀን የለስላሳውን ጠርሙስ ሲያጡ ስስ የውሃ ጠርሙስ አሰሩ። የለስላሳው ጋዝ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ የውሃው ግን ያን ያህል አይችልም። ፈነዳ። ልጆቹ ራቅ ብለው ስለነበር አልተጎዱም። ጥጉ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚቸረችሩ እናት ግን ከመቀመጫቸው ተነስተው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። እጃቸው ለብዙ ደቂቃ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ደሴ ላይ ድንገተኛ ድምጽ እንደ ሌላው ከተማ ድምጽ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ህዳር ጦርነት ከተማዋ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። የዕድሜ ባለጸጎች ከወላጆቻቸው የሰሙትም አለ፤ ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበው ሆስፒታል ሳይቀር መተዋል።

«ልጆቼ፣ ሌላ ጨዋታ አጣችሁ?» አሉ እናት ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«ጨዋታ አይደለም እማማ፣ ሙከራ ነው» አለ ትልቁ።

«ሙከራውማ እናንተ ጋ ነው። እኔ ጋ የደረሰኝ ድምጹ ነው።»

ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የነበርነው ሁለት ተከፈልን። ግማሹ «ይበረታቱ፣ ነገ ለአገር የሚተርፉ ናቸው» አለ። ግማሹ «ፖሊስ ይጠራላቸው» አለ። ሁለቱም ቀላል መልስ ነው፤ ሁለቱም የእናትን ነገር አልሰማም። እርሳቸው ያነሱት ጥያቄ ግን ከሻይ ቤት በላይ ነው፤ ሙከራው የአንዱ፣ ድምጹ የሌላው ሲሆን ምን ይደረጋል?

መቅደላ ከደሴ ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት መድፍ ሠርተው በማያውቁ፣ ወንጌል ሊያስተምሩ በመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ነው። የመጀመሪያው የማቅለጥ ሙከራ አልሆነም፤ ንጉሡ ድገሙት አሉ፣ ተደገመ፣ በመጨረሻም ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። መንገድ እየተጠረገለት፣ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ እያነሱ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ ግን የታሰበውን ሳይፈይድ ቀረ። ዛሬም አምባው ላይ ነው።

ይህን ታሪክ ስንተርክ ሁልጊዜ የንጉሡን ሕልም እናደንቃለን። እኔም አደንቃለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጎታቹን ገበሬ «ትጎትታለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ነበር? አቅላጮቹስ «አንችልም» ማለት ይችሉ ነበር? ደብተር ቢኖራቸው «እምቢ አለች» ብሎ የሚጽፍ የሚገኝ አይመስለኝም። ፍርሃት ባለበት የከሸፈ ነገር አይጻፍም፤ ያልተጻፈ ክሽፈት ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ምንም አያስተምርም። ጋፋት ወርክሾፕ ሆኖ ያልቀጠለው ንጉሡ ስለሞቱ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ሌላውን ጫፍ እንየው። አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል በጤና ሙያ የተማረ ሰው ከቮልስዋገን መኪና ሞተር አውጥቶ፣ ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ እያነበበና እያየ፣ ለብቻው አውሮፕላን ሠራ። 570 ቀን ስለፈጀበት ኬ-570ኤ አላት፤ ኬዋ የእናቱ ስም ናት። በ2007 ዓ.ም. ሊያበራት ሲሞክር ፕሮፔለሯ ተሰብሮ ሳትነሳ ቀረች። የሳቀ ሳቀ። ጊዜው የራሱ፣ ገንዘቡ የራሱ፣ ሊሰበር የሚችለው አንገትም የራሱ ነበር። ማንንም አላስጎተተም። እንዲህ ባለ ሰው መሳቅ ነውር ነው ብዬ ነው የማምነው፤ እዚህ ላይ ለክርክር አልመችም።

ግን ሁሉም ሙከራ እንደ አስመላሽ በራስ አንገት ብቻ ይደረግ ብንል አንዲት ጠርሙስም አትፈነዳም። ድምጽ አጥር አያውቅም። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ በኩራት አይተናል። የተሸከማት ሮኬት የሌሎች ሰዎች የብዙ ዓመት ሙከራና የብዙ ፍንዳታ ልጅ ነው። ፍንዳታውን የሰሙ የሌላ አገር እናቶች ነበሩ ማለት ነው። እኛ የደረሰን ጭብጨባው ብቻ ነው።

ስለዚህ እናትየዋ ትክክል ናቸው፤ ልጆቹም ማቆም የለባቸውም። እንዴት ይታረቃል ብላችሁ እንደሆነ፣ የታረቀው በእርሳቸው ነው። «አቁሙ አላልኩም፣ ንገሩኝ ነው ያልኩት» አሉ። አውቀው የሚሰሙት ድምጽ እንደ ድንገቴው አያስደነግጣቸውም። ልጆቹም ከመልቀቃቸው በፊት መጮህ ጀመሩ። መጀመሪያ የመረጡት ቃል «ውሃ መጣ!» ነበር። ቧንቧ የሚጠበቅበት ሰፈር ውስጥ ይህን ማለት ምን እንደሚያስከትል አስቡት። ጀሪካን ይዞ ያልወጣ አልነበረም። አሁን «እማማ፣ ልንለቅ ነው!» ይላሉ። እርሳቸውም ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፈን አድርገው «ልቀቁ» ይላሉ። ፈቃድ ማለት ለእኔ ይህ ነው። አቅላጮቹም ጎታቹም ያላገኙት።

ይሁንና መንገድ መንገድ ነው፤ ባጃጅ ያልፋል፣ ሕፃን ያልፋል። መንገዱን የሚከለክል ሰው ሜዳ የመስጠት ዕዳ አለበት የሚል አቋም አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ባዶውን የሚውል አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ዘበኛው መልካም ሰው ናቸው፣ «እኔማ ደስ ይለኝ ነበር» ብለው ወደ ቢሮ ላኩኝ።

«ምንድን ነው የሚሞከረው?» ተባልኩ።

«በውሃ የምትሄድ መኪና።»

«ውሃ ከሆነ የውሃ መሥሪያ ቤት አይመለከተውም?»

በመጨረሻ በጽሑፍ አቅርብ አሉኝ። ዘበኛው ስወጣ በሹክሹክታ «ሮኬት የሚለውን ቃል እንዳያስገቡ» ብለው መከሩኝ። ማመልከቻው አልቋል። ያልሞላሁት «ጉዳዩ፦» የሚለውን መስመር ብቻ ነው። «ስለ ሙከራ» ብል ማን ያስሞክረዋል ይሉኛል፤ «ስለ ጨዋታ» ብል ደግሞ ልጁ ይቀየመኛል።