ባለቤት በሌለበት ቤት እንግዳ መሆን

ሰው ቤት ስንሄድ ደጅ ላይ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን። ከውስጥ «ይግቡ» የሚል ድምፅ ሳንሰማ አናልፍም። እንግድነት የሚጀምረው ከዚያ ድምፅ ነው። የት እንደምንቀመጥ፣ መቼ መነሳት እንዳለብን የምናውቀው የባለቤቱን ፊት እያየን ነው። እንግዲህ መልስ የሚሰጥ ሰው የሌለበት ቤት ብንገባ ግዴታችን ለማን ነው? ከነጭራሹስ ግዴታ አለብን ወይ?

ለክርክር ያህል የተፈጠረ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያለ ቤት በምድር ላይ አለ። አንታርክቲካ ነባር ሕዝብ ኖሮባት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1959 በ12 አገሮች የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት አህጉሪቱን ለሰላምና ለሳይንስ ብቻ እንድትውል አደረገ፤ የግዛት ይገባኛል ጥያቄዎችንም ባሉበት አቆማቸው። ዛሬ ግን ከሳይንቲስቱ ይልቅ ጎብኚው ይበዛል። በቅርብ ዓመታት በአንድ የበጋ ወቅት ብቻ ከ100,000 በላይ ሰዎች ተጉዘዋል። አብዛኞቹ የሚሄዱት በመርከብ ነው። የሚተኙትም፣ የሚበሉትም፣ የሚታጠቡትም እዚያው መርከባቸው ላይ ነው።

እኔን የሳበኝ የትናንሾቹ መርከቦች ነገር ነው፤ መቶ ወይም ሁለት መቶ ሰው የሚይዙት። ብዙዎቹ ኡሹዋያ ከምትባል የአርጀንቲና ወደብ ተነስተው ድሬክ የተባለውን ማዕበለኛ ባሕር በሁለት ቀን ገደማ ያቋርጣሉ። የቤቱ አሠራር ራሱ ስለ ባሕሩ ይናገራል። በየኮሪደሩ የእጅ መደገፊያ አለ፤ ዕቃው እንዳይንሸራተት ይታሰራል። ታች ሦስትና አራት የማይተዋወቁ ሰዎች የሚጋሩት፣ አንዲት ክብ መስኮት ያለችው ጠባብ ክፍል አለች። ላይ ደግሞ የራሱ ሰገነት ያለው ሰፊ ክፍል አለ፤ ዋጋውም ያው እንደ ስፋቱ ነው። (መርከብ ስትናወጥ ግን ይበልጥ የሚወዛወዘው ላይኛው ፎቅ ነው። ከታች መሐል ላይ ያለው ርካሽ ክፍል የተሻለ ሆድ ያሳርፋል። ባለጠጋው የከፈለው ለመስኮቱ ነው ማለት ነው።)

ይህ ሁሉ የክፍል ልዩነት አንድ ቦታ ላይ ይቀራል፤ ጫማ የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ። ሰው ወደ ጎማ ጀልባው ከመውረዱ በፊት ቦት ጫማውን በብሩሽ ይፈትጋል፤ ፀረ ተባይ ያለበት ውኃ ውስጥም ይነክራል። ኪሱ፣ የቦርሳው ስፌት፣ የጃኬቱ ማጣበቂያ ይፈተሻል። የሚፈለገው አንዲት የሣር ዘር ናት። ነገሩ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ግን ፖዋ አኑዋ የሚባል ተራ ሣር ከሰው ጋር ገብቶ በኪንግ ጆርጅ ደሴት በቅሏል። የወፍ ጉንፋንም ወደ አካባቢው ከደረሰ ወዲህ ጎብኚ መሬት ላይ እንዳይቀመጥና እንዳይንበረከክ ይነገረዋል። ባለ ሰፊው ክፍልም ባለ ጠባቡም በአንድ ሰልፍ ቆመው እግራቸውን ያጥባሉ።

የብስ ላይ ሲወጡ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ አይወርድም። ለ20 ሰው ቢያንስ አንድ መሪ ይመደባል። ምግብ ይዞ መውረድ አይቻልም፤ ሽንት የመጣበት ሰው ወደ መርከብ ይመለሳል። ጠጠር ማንሳት ክልክል ነው። ከፔንግዊን አምስት ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ፔንግዊኑ መንገድ ሊያቋርጥ ከመጣ የሚቆመው ሰውዬው ነው። ብዙዎቻችን የገዛ ዘመዳችን ቤት እንኳ እንዲህ አንጠነቀቅም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጨዋነት ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ለወጣቶች ብታቀርቡ አንዱ «ለፈጣሪ» ይላል፣ ሌላው «ለእንስሳቱ»፣ ሦስተኛው «ለሚመጣው ትውልድ»። ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኔ ግን መልሶቹ አንድ ነገር የሚያልፉ ይመስለኛል። ባለቤት ለእንግዳው የሚያደርገው ነገር ማስተናገድ ብቻ አይደለም። ይቆጥራል። ስንት ሰው እንደገባ፣ እንጀራው ለስንት እንደሚበቃ፣ ማን ገና እንዳልበላ የሚያውቀው እርሱ ነው። እንግዳው ራሱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁሉም እንግዳ አንድ ጉርሻ ብቻ ጎርሶ «በቃኝ» ቢል እያንዳንዳቸው ጨዋ ናቸው፤ መቶ ሰው በዚህ መንገድ ካለፈ ግን መሶቡ ባዶ ነው። ማንንም በሆዳምነት መክሰስ አይቻልም።

በአንታርክቲካ የሆነው ይኸው ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ከመርከብ እንደሚወርድ ተወስኗል፤ በዓመት ስንት ሰው እንደሚመጣ ግን የወሰነ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት መርከቦችና ሌሎች የሰው ሥራዎች የሚያወጡት ጥላሸት በረዶው ላይ እያረፈ እንደሚያጠቁረው፣ የጠቆረውም በረዶ ፀሐይ እየሳበ ቶሎ እንደሚቀልጥ አሳይቷል። አጥኚዎቹ ሲያሰሉት እያንዳንዱ ጎብኚ ወደ 83 ቶን የሚጠጋ በረዶ ያለጊዜው እንዲቀልጥ ምክንያት ይሆናል። ጫማውን ያጠበው፣ ጠጠር ያላነሳው፣ ለፔንግዊን መንገድ የለቀቀው ያው ጎብኚ ነው። እግሩ ንጹሕ ነው፤ ጭሱ ግን ከበላዩ ነበር።

ለጉዞው የሚሟገቱ ሰዎች ያየ ሰው ይቆረቆራል ይላሉ። ይህን ሐሳብ ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ የተባለው አስጎብኚ እ.ኤ.አ. በ1966 መንገደኞችን ወደዚያ መውሰድ ሲጀምር ይዞት ነበር። ሐሳቡን ባዶ ነው አልልም፤ ያላዩትን መውደድ ከባድ ነው። ግን መቆርቆሩ መሄዱን የሚያስከፍል ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ሒሳቡ መዘጋት አለበት። የሚዘጋውስ ማነው?

ለሊንድብላድ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራችው ትንሿ ቀይ መርከብ ኤክስፕሎረር ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ተብለው ከተሠሩት የመጀመሪያዋ ናት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 በደቡብ ሼትላንድ ደሴቶች አጠገብ በረዶ ሆዷን ቀደዳት። መንገደኞቹና ሠራተኞቹ፣ በጠቅላላው 154 ሰዎች፣ ክፍት በሆኑ የነፍስ አድን ጀልባዎችና በጎማ ጀልባዎች ላይ በብርዱ ለሰዓታት ከቆዩ በኋላ አንዲት የኖርዌይ መርከብ ደርሳ ሁሉንም አነሳቻቸው። አንድም ሰው አልሞተም። መርከቧ ግን ከነአልጋዋ፣ ከነወጥ ቤቷ፣ ከነነዳጇ ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ወዳለው ባሕር ወረደች፤ አሁንም እዚያው ናት። ጠጠር እንዳያነሱ የተጠነቀቁ እንግዶች ቤታቸውን በሙሉ ትተው ሄዱ። ክፉ አሳብ የነበረው ሰው የለም።

እኔ የምለው፣ ባለቤት በሌለበት ቤት እንግዳው ሁለት ሥራ አለበት። የራሱን ጨዋነት መጠበቅ አንዱ ነው፤ ይህን ትንንሾቹ መርከቦች በሚገባ ተምረውታል። ሁለተኛው የባለቤቱን ሥራ ወስዶ መቁጠር ነው፤ «ዘንድሮ ሞልቷል» ማለት፣ ቲኬቱን የሚገዛ ገንዘብ በእጅ እያለም ቢሆን። ይህ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚቀርበት ሰው ማንንም አልበደለም። «እኔ ብቻ ብሄድ ምን ይጎዳል?» ብሎ ቢጠይቅ እውነቱን ነው፤ እርሱ ብቻ ቢሄድ ብዙም አይጎዳም።

መቁጠሩን መርከቦቹ ያውቁበታል። ከመውጫው በር አጠገብ መንገደኛው ሲወርድ ስሙ ይመዘገባል፤ ካርዱ ይነበባል ወይም በስሙ የተሰቀለች ቁጥር ትገለበጣለች። ሲመለስ እንደገና። የመጨረሻው ሰው መግባቱ ሳይረጋገጥ መልሕቅ አይነሳም። ያ ሰሌዳ የሚቆጥረው ግን የራሱን መርከብ ሰዎች ብቻ ነው። ትናንት እዚያው ዳርቻ የወረዱትን፣ ነገ የሚመጡትን የሚመዘግብ ቁጥር የለበትም።