«ጠግቤያለሁ»

በአማርኛችን እንደ ሆድ ሥራ የበዛበት የሰውነት ክፍል ያለ አይመስለኝም። ሌላው ዓለም ለልብ የሰጠውን ሥራ እኛ ግማሹን ለሆድ አሸክመነዋል። ስናዝን ሆዳችን ይባባል፣ ስንቀያየም ሆዳችን ይሻክራል፣ ምሥጢራችንን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንቀብራለን። የምንወደውን ሰው «ሆዴ» ብለን እንጠራለን። ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው፤ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ። ስድቡ ሲመጣ ደግሞ እዚያው ሆድ ላይ ያርፋል። ሆዳም! ሆድ አደር! ሰውየው የፈረመው በእጁ፣ የዋሸው በምላሱ፣ ወዳጁን የሸጠውም በጭንቅላቱ አስቦበት ነው፤ የሚሰደበው ግን ምስኪኑ ሆድ ነው።

ዛሬ የሆድ ጠበቃ ሆኜ የቀረብኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔው ጨጓራ ከአምስት እጁ አራት እጅ ያህሉ ተቆርጦ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ክብደቴ 131 ኪሎ ደርሶ ነበር። ስኳሩም ግፊቱም ነበሩ፤ አንድ ፎቅ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ማረፍ ነበረብኝ። ምግብ ቀንስ ተባልኩ፣ ቀነስኩ። ተራመድ ተባልኩ፣ ተራመድኩ። አሥር ኪሎ እቀንስና አሥራ ሁለት ጨምሬ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ያጠራቀምኳትን ይዤ ህንድ አገር ሄድኩ።

ነገሩ ሲሰማ ያስፈራል እንጂ ሲሠራ ብዙ ሰዓት አይወስድም። ሆድ እንደ ድሮው አይቀደድም። በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ያስገቡና ጨጓራውን ቁመቱን ተከትለው ይቆርጡታል። የሚተርፈው የሙዝ ቅርጽ ያለው ቀጭን ከረጢት ነው፤ ሁለት ስኒ ቡና ቢይዝ ነው። «ራበኝ» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚልክ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ፤ እሱን በብዛት የሚያመነጨው ክፍልም አብሮ ተቆርጦ ይወጣል። እንግዲህ ቤቱ መጥበቡ ብቻ አይደለም፤ ጠሪውም ድምፁ ይቀንሳል ማለት ነው።

ረጅሙ ማገገሙ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ፣ እሱም በጉንጭ በጉንጭ። ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ። ምግብና ውሃ አንድ ላይ አይገቡም። አንዲት ጉርሻ ከበዛች ደረት ላይ እንደ ድንጋይ ትቀመጣለች። በአራተኛው ወር ፀጉሬ ረገፈ። ቆዳዬ ከሌላ ሰው የተዋስኩት ካፖርት መስሎ ተንጠለጠለ። ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው። በዓመቱ 92 ኪሎ ሆንኩ፤ የስኳሩን መድኃኒትም ሐኪሜ አቆመልኝ።

የሥጋው ወሬ ይኸው ነው። የነፍሱ ጥያቄ የመጣው በሦስተኛው ወር ለማገገም ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሐይቅ ስወርድ ነው። እናቴ የአምባሰል ሰው ናት። ገና በር ላይ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምነው ልጄ! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው? ሐኪም አላየህም?»

«ሐኪም ነው ያከሳኝ እማዬ፤ ያውም ከፍዬ» አልኳት።

ጎረቤታችን እትዬ ቡናቸውን ይዘው፣ «ወላሂ፣ ጠላትህ ይክሳ!» አሉ። ነገሩን ሳስረዳ እናቴ ጸጥ ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ሆድህን ቆርጠው ሲጥሉ ዝም ብለህ አየሃቸው?»

በዚህ አገር ይህ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ለክብደት ሲባል የሚደረገውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና ከጀመሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሜሰን ነው፤ ዘመኑም በፈረንጆች አቆጣጠር 1966። የወሎ ሰው ግን 1966 ሲባል የሚሰማው ሌላ ነው። በእኛው 1966 ዓ.ም ከየደጋው ወርዶ በአውራ ጎዳናው ዳር የተኮለኮለው ረሃብተኛ ነው የሚታወሰው። ቁጥሩ አንድ፣ ዓለሙ ሁለት። በአንደኛው 1966 ሰው ጨጓራ የሚያሳንስበትን መላ ይፈልጋል፤ በሌላኛው 1966 ጨጓራ ውስጥ የሚገባ ይፈልጋል።

ያን ረሃብ ዓለም ያየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም በተላለፈው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከዙፋን ሊወርዱ ዋዜማ ላይ ፊልሙ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እየተቀላቀለ በቴሌቪዥን ታየ። የራበው ሆድና የጠገበው ሆድ ጎን ለጎን ለምስክርነት ቆሙ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቦርጭ የበዝባዥ ማኅተም ሆነ። ገጠር ስትወርዱ ደግሞ ያው ቦርጭ የምርቃት ምልክት ነው፤ «አማረብህ፣ ወፈር ብለሃል» ይሏችኋል። አሁን አሁን በከተማው የስፖርት ቤት መስታወት ፊት ያው ቦርጭ የሰነፍ ሰው መታወቂያ ሆኗል። አንድ ቦርጭ፣ ሦስት ፍርድ! ሦስቱም ፍርዶች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር የሰውን ጠባይ በሆዱ መጠን መለካት ይቻላል ማለታቸው ነው።

ከድሮ የሥራ ባልደረቦቼ አንዱ በዚሁ መለኪያ ሞገተኝ። «አንተ'ኮ የጾምከው በቢላ ነው» አለኝ። «ራሱን የገዛ ሰውና ራሱን ያስቆረጠ ሰው እኩል ሊመሰገኑ ነው?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። አሪስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሁለት ሰዎችን ይለያል። አንዱ ምኞቱ እየጎተተው ታግሎ የሚያሸንፍ ነው። ሌላው ምኞቱ ራሱ ልክ ስላለው ትግል የማያስፈልገው ነው። እሱ የሚያስበልጠው ሁለተኛውን ነው። እኔ ዛሬ ግማሽ እንጀራ ሳይጎትተኝ ከገበታ እነሣለሁ። ታዲያ ሁለተኛው ሰው ሆንኩ? አልሆንኩም። የእሱ ሰው ምኞቱ የተገራው በልማድና በዕውቀት ነው፤ የእኔ በስፌት። ከገበታ በጊዜ በመነሣቴ የሚሰጠኝ ምስጋና ካለ አይገባኝም።

ነገር ግን ከመወቀሱም በፊት እስቲ ከከተማችን ወጣ ብለን እንይ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ስመ ጥር ቦታ ነው። ዛሬ በአንድ ጎኑ ከየብስ ጋር ተያይዟል እንጂ ጥንት ደሴት ነበር። ሴት አይገባበትም። እነዚያ አባቶች በጾምና በጸሎት የጸኑ ነበሩ፤ ሆኖም ፈቃዳቸውን ብቻ አላመኑም። በራሳቸውና በፈተናው መካከል ውሃ አኖሩ፣ ሥርዓት አኖሩ። ውሃው ስለረዳቸው ምናኔያቸው ውሸት ነው የሚል አልሰማሁም። የሰው ልጅ ደካማነቱን ሲያውቅ አጥር ያጥራል። የአጥሩ ዓይነት ይለያያል እንጂ አጥር ማጠር ራሱ ነውር አይደለም። በእርግጥ የእነሱ አጥር ለነፍስ ነው፤ የእኔ ለስኳርና ለጉልበት። መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ጽድቅ መሆን አይጠበቅበትም። መነጽር ያደረገን ሰው «በራስህ ዓይን አላየህም» ብሎ የሚከስስ አለ?

ደግሞም ስፌቱ ሁሉን አይሠራም። የተረፈው ጨጓራ ከጊዜ ጋር ይለጠጣል፤ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ በጠባቡም በር ይገባል። ተሠርተው ክብደታቸው የተመለሰባቸው ጥቂት አይደሉም። ቢላው በር ይከፍታል፤ በበሩ የሚራመደው ግን ሰውየው ነው።

እንደ እኔ የከበደኝ የባልደረባዬ ጥያቄ ሳይሆን የእናቴ ጥያቄ ነው። በ1977 ዓ.ም እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የተገኘችውን ቂጣ ለእኛ ለልጆቹ አካፍላ እሷ ከገበታው ራቅ ትላለች። «ነይ ብዪ» ስንላት መልሷ አንድ ነበር፤ «ጠግቤያለሁ፣ እኔ ቅድም በልቻለሁ።» እናምናት ነበር። ልጅ ሲርበው ማመን ይቀለዋል።

አርባ ዓመት አልፎ በዚያው ቤት፣ በዚያችው ሴት ፊት ተቀምጬ፣ የሐይቅ ዓሣ ተሠርቶልኝ፣ ሦስተኛዋን ጉርሻ በሞቴ ስትለኝ፣ «ጠግቤያለሁ» አልኳት። አላመነችኝም። እሷ ስትዋሽ ታመነች፤ እኔ እውነቱን ስናገር እንደ ውሸታም ታየሁ። ቃሉ ያው ቃል ነው። የእሷ ግን ምግባር ነበር፣ የእኔ ሕክምና። ልዩነቱ በሆዳችን ስፋት ወይም ጥበት አይደለም። እሷ ያልበላችው ሌላ ሰው እንዲበላ ነው። እኔ ሳልበላ የቀረሁት ግን ወዴት ይሄዳል?

ለእኔ የምግባሩ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ረሃብ በዚህ መንገድ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ በደሴና በሐይቅ ሲያልፍ ስንት ቤት ጦሙን አደረ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገራችን ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከልክ በላይ የቀጠኑ ሲሆኑ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 8ቱ ነበሩ። በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ፣ ሁለቱም አሉ። «የራበው ሰው እያለ አንተ ለመክሳት ትከፍላለህ?» የሚለኝ ሰው ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን፣ እኔ በስኳር እግሬ ቢቆረጥ የአንድም ረሃብተኛ ሆድ አይሞላም። ሕመሜን መታከሜ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ ሞሶቡ እንደ ድሮው ለ131 ኪሎ ሰው እየተሰናዳ የ92 ኪሎው ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ነው።

ስለዚህ ወፍራሙን ሆዳም፣ ቀጭኑን ጻድቅ ማለት ይቅርብን። ስንቱ ቀጭን ስግብግብ አለ፤ ስንቱ ወፍራም ጉርሻውን ለሰው ያሳለፈ አለ። የሰውን ምግባር ማወቅ የፈለገ ወገቡን በሜትር ከሚለካ «ጠግቤያለሁ» ባለ ጊዜ የተረፈው እንጀራ ለማን እንደ ደረሰ ቢጠይቅ ይሻላል።