ውለታ ዋጋ አለውን?

ኮልም ኩፐር ለአየርላንዱ የኬሪ አውራጃ በጌሊክ እግር ኳስ ተሰልፎ በ2004፣ በ2006፣ በ2007 እና በ2009 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ዋንጫ አንሥቷል። ደመወዝ ግን አልነበረውም፤ በ1884 የተመሠረተው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ለጨዋታ ክፍያን ይከለክላልና። እንጀራው የባንክ ሥራው ነበር።

በ2017 ጫማውን ሲሰቅል ደጋፊዎቹ በሙገሳ ሸኙት። በዚያው ዓመት በደብሊን የክብር እራት ተሰናዳለት፤ የአንድ ሰው መግቢያ 500 ዩሮ። ከገቢው ከፊሉ ለበጎ አድራጎት ቢታሰብም ብርቱ ክርክር ተነሣ። «በነፃ የተሰጠ እንዴት ይከፈልበታል?» አሉ አንዳንዶች። ሌሎች ደግሞ «ጉልበቱን የሰጠ ሰው በምስጋና ብቻ ይሸኝን?» ሲሉ መለሱ።

«አማተር» ስንል ጀማሪ ይመስለናል፤ የቃሉ የላቲን ሥር ግን «አፍቃሪ» ማለት ነው። አፍቃሪ የሰጠው ውለታ እንጂ ብድር አይደለም። ብድር ሲከፈል አበዳሪና ተበዳሪ ይለያያሉ፤ ውለታ ግን ሰዎችን አስተሳስሮ ያኖራል።

ገንዘቡ በራሱ ነውር አይመስለኝም፤ የሚያሳስበኝ ምስጋናው በር የተበጀለት መሆኑ ነው። ኩፐር የተጫወተው ለሁሉም ነበር፤ በእራቱ ገበታ የተቀመጠው ግን የከፈለ ብቻ ነው። ደግሞስ እኩል ምሽቶችን በልምምድ ያሳለፈውን፣ ስሙ ያልተጠራውን ተጫዋች ማን ይጋብዘዋል?

አበው «ብድር በምድር» ይላሉ። ለተቀበለው ደስታ የሚመልሰው ያጣ ደጋፊ፣ አመሻሹ ላይ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ያሠልጥን። ውለታው ለባለቤቱ ባይመለስም ለተተኪው ይደርሳል።